በሰው ቁና የሚሰፈር ደም

ከጓደኞቻችን መካከል ስለ ሜታቦሊክ ሲንድሮም ወሬ በተነሣ ቁጥር «እሱ የጌቶች በሽታ ነው፤ እኛ ገና ከረኀብ መቼ ወጣንና» የሚሉ አሉ። ሌሎች ደግሞ በተቃራኒው፣ በውጭ አገር መጽሔት ያነበቡት አዲስ የደም ምርመራ ሁሉ ነገውኑ አምቦ ላይ ካልተጀመረ ሕዝቡ አለቀ ይሉናል። እኛ ከሁለቱም ወገን አይደለንም። ለምን እንደሆነም ከዚህ በታች እናስረዳለን።

በቅድሚያ ነገሩ ምን እንደሆነ እንወቅ። ሜታቦሊክ ሲንድሮም ራሱን የቻለ አንድ በሽታ ሳይሆን አብረው የሚሄዱ የአምስት ነገሮች ስብስብ ነው፤ የወገብ መስፋት፣ የደም ግፊት ከፍ ማለት፣ የደም ስኳር መጨመር፣ ትራይግሊሰራይድ የሚባለው ስብ መብዛትና ጥሩው ኮሌስትሮል ማነስ። ከነዚህ መካከል ሦስቱ የተገኙበት ሰው ዛሬ ምንም ባይሰማው ነገ በስኳር ወይም በልብ በሽታ የመያዝ ዕድሉ ከሌላው የሰፋ ነው። ጄራልድ ሪቨን የተባሉት አሜሪካዊ ሐኪም በ1988 እ.ኤ.አ. ስብስቡን «ሲንድሮም ኤክስ» ብለው ከሰየሙት ወዲህ ስሙም መለኪያውም ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል።

«የጌቶች በሽታ» ለሚሉት ጓደኞቻችን አንድ ነገር እናስታውሳቸው። በ2011 እ.ኤ.አ. በታተመ አንድ ጥናት በአዲስ አበባ 1,935 የባንክ ሠራተኞችና የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህራን ተመርምረው ነበር። መምህር በአገራችን ጌታ ሆኖ አያውቅም። ሆኖም ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ባወጣው ልክ ሲሰፈሩ ከመቶው 17.9 የሚሆኑት ሲንድሮሙ ተገኘባቸው፤ ሴቶቹም ከወንዶቹ በልጠው ተገኙ። እነዚያኑ ሰዎች በአሜሪካኖቹ ልክ መልሰው ሲሰፍሯቸው ደግሞ ቁጥሩ ወደ 12.5 ወረደ። ልብ በሉ! ሰዎቹ እነዚያው፣ ደማቸውም ያው ነው። ቁናው ስለ ተለወጠ ብቻ አንድ መቶ ያህል ሰው ከታማሚ ጎራ ወደ ጤነኛ ጎራ ተሻገረ።

ይህ የሆነው የአሜሪካኖቹ ልክ የወንድ ወገብ ሰፋ የሚለው ከ102 ሳንቲ ሜትር፣ የሴት ደግሞ ከ88 በላይ ሲሆን ስለ ነው። ፌዴሬሽኑ በ2005 እ.ኤ.አ. ያወጣው ልክ ለአውሮጳውያን ወንዶች 94፣ ለሴቶች 80 ይላል፤ ያለ ሰፊ ወገብም ሲንድሮሙ አለ አይልም። ለደቡብ እስያ ወንዶች የራሳቸው ልክ 90 ተብሎ ተወስኖላቸዋል። ከሰሐራ በታች ላለነውስ? የራሳችሁ ጥናት እስኪገኝ ድረስ በአውሮጳውያኑ ልክ ተጠቀሙ ተባልን። በ2009 እ.ኤ.አ. ማኅበራቱ ተሰብስበው አንድ ስምምነት ሲያወጡም ለእኛ የተጻፈው ያው 94 እና 80 ነው። እንግዲህ «እስኪገኝ ድረስ» የተባለውን ማን እንዲያገኝልን ነው የምንጠብቀው? ፈረንጆቹ ይህን ያሉት በንቀት ነው ብለን አንከስም። በጽሑፋቸው ላይ ክፍት ቦታ ትተውልናል፤ ያልሞላነው እኛው ነን።

ወደ ደም ፕሮቲኖቹ ስንመጣ ጉዳዩ የባሰ ይረቃል። ዛሬ ሐኪሞች ከሚመኩባቸው ምልክቶች አንዱ ስኳር የተጣበቀበት ሄሞግሎቢን ነው። ሄሞግሎቢን ደማችንን ቀይ የሚያደርገው፣ አየር ተሸካሚው ፕሮቲን ነው። ቀይ የደም ሕዋስ ወደ 120 ቀን ያህል ሲኖር በደም ውስጥ ያለው ስኳር ቀስ በቀስ ይጣበቅበታል። ስለዚህ ምን ያህሉ ስኳር እንደ ያዘ ቢለካ ያለፉት ሁለትና ሦስት ወራት ታሪክ ይነበባል፤ ሰውየው ለምርመራ ሲል ትናንት ማር ባይቀምስም አያታልልበትም። በስኳር በሽተኞች ደም ይህ ነገር መኖሩን ሳሙኤል ራህባር የተባሉ ሐኪም ቴህራን ላይ በ1968 እ.ኤ.አ. ገልጸዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2011 እ.ኤ.አ. ከመቶ 6.5 እና ከዚያ በላይ ከሆነ የስኳር በሽታ ነው ብሎ መመርመሪያ እንዲሆን ፈቅዷል።

መልካም ብልሃት ነው፤ እኛም እናደንቀዋለን። ነገር ግን ብልሃቱ የሚሠራው ሕዋሱ ዕድሜውን ሲጠግብ ነው። በባኮና በጊቤ ቆላ ወባ የሚመላለስበት ገበሬ ቀይ ሕዋሱ ሳያረጅ ይፈርሳል፤ ስኳሩ ለመጣበቅ ጊዜ ስለማያገኝ ውጤቱ ከእውነቱ ያነሰ ይሆናል። በወሊድ ብዛት ብረት ያነሳት እናት ደግሞ በተቃራኒው ከእውነቱ የበዛ ቁጥር ልታሳይ ትችላለች። ታዲያ አንዱ ስኳር እያለበት ደኅና ነህ ተብሎ ይመለሳል፤ ሌላዋ የሌለባት በሽታ ይነገራታል። መኪናው አልተሳሳተም፤ የሚያነበው ሰው የበሽተኛውን አገር አላወቀም።

ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲን የሚባለውም እንዲሁ ነው። መጀመሪያ የታወቀው በ1930 እ.ኤ.አ. በሳንባ ምች በሽተኞች ደም ውስጥ ነበር። ጉበት የሚሠራው ነው፤ ሰውነት ሲቆጣ ይበዛል። የሆድ ስብም ሰውነትን በቀስታ ስለሚያስቆጣው በባለ ሰፊ ወገቦች ደም ውስጥ በጥቂቱ ከፍ ብሎ ይኖራል፤ በአሜሪካ በሊትር ከ3 ሚሊግራም በላይ ከሆነ ለልብ ያሰጋል ይባላል። ከ10 ካለፈ ግን መጀመሪያ ሌላ በሽታ ፈልጉ ይላሉ። በእኛ አገር ጥርሱ ያበጠ፣ እግሩን እሾኽ የወጋው፣ የሚያስለው ሰው ስንት ነው? ለእርሱ ይህን ፕሮቲን ለክቶ ስለ ወደፊት ልቡ ትንቢት መናገር ከንቱ ድካም ነው። አዲፖኔክቲን ስለተባለውም ብዙ ይጻፋል፤ ስብ ራሱ እየሠራው ስብ ሲበዛ የሚያንስ እንግዳ ፕሮቲን ነው፤ ለጊዜው ግን ለተመራማሪ እንጂ ለጤና ጣቢያ የሚሆን አይደለም።

የኢትዮጵያ ደም ከመጽሐፍ ጋራ ሲጋጭ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ደጋ የሚኖር ሰው አየሩ ስለሚሳሳ ሄሞግሎቢኑ ይበዛል ተብሎ ከአንዲስ ተራሮች ሕዝብ ተጠንቶ ተጽፎ ነበር። ሲንቲያ ቢል የተባሉት ምሁርና ባልደረቦቻቸው ስሜን ተራራ ላይ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩትን ወገኖቻችንን መርምረው በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ ግን ሄሞግሎቢናቸው በባሕር ጠረፍ ከሚኖር ሰው የማይለይ ሆኖ ተገኘ። ሐኪሞች በ2009 እ.ኤ.አ. ከጎንደር ገጠር እንደጻፉትም በዚያ ስኳር የያዛቸው ብዙዎቹ ባለ ቦርጭ ሳይሆኑ ቀጫጭንና ድኾች ናቸው። ሜትር በወገባቸው ቢዞር ጤነኞች ናቸው ብሎ ያልፋቸዋል። ከምግብ እጦት ጋራ የተያያዘው እንዲህ ያለው ስኳር በ2025 እ.ኤ.አ. ባንኮክ ላይ ፌዴሬሽኑ «ዐምስተኛው ዓይነት» ብሎ እስኪሰይመው ድረስ ስንት ዘመን ሲያከራክር ኖረ!

እንግዲህ አዲሱ ምርመራ ሁሉ ይቅር ማለታችን ነውን? አይደለም። ከጭልሞ ደን ሥር ተነሥቶ ጊንጪ የሚወርድ ባላገር ግን ውድ ለሆነ የፕሮቲን ምርመራ በሬውን ከመሸጡ በፊት፣ ግፊቱን ለክቶ ጧት በባዶ ሆዱ ስኳሩን የሚያይለት ሰው በቅርቡ ማግኘት አለበት። ይህ ብዙ ሀብት አይጠይቅም። ግፊት ዝም ብሎ የሚገድል ነው፤ መድኃኒቱም ከታወቀ ቆይቷል።

ለተማሪዎች ማኅበራችን የምናቀርበው ጥያቄ ይህ ነው። የሕክምናና የጤና ሳይንስ ተማሪዎች በክረምቱ ዕረፍት በአምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪና በባኮ፣ ከደጋውም ከቆላውም የሚሰበሰብ የወገብ፣ የግፊትና የጾም ስኳር መዝገብ ይጀምሩ። በመምህራን መሪነት፣ በጥናት ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ይሁን። ከየቦታው የጥቂቶቹ ደም ለስኳሩ ሄሞግሎቢን ሲመረመር የደም ማነስና የወባ ምርመራ አብሮ ይደረግ፤ ያለዚያ ቁጥሩ አይተረጎምም። አንድ ጊዜ ለክቶ መተውም አይበቃም። የኛ ወገብ ልክ ስንት ላይ እንደሆነ የሚታወቀው የተለኩት ሰዎች ከዓመታት በኋላ ማን ስኳር እንደያዘው፣ ማን እንዳልያዘው ሲታይ ነው። ስለዚህ መዝገቡ ከተመረቅን በኋላ ለሚመጡት ተማሪዎች እንዲተላለፍ ሆኖ ይጻፍ። የተለካውም ሰው ውጤቱን በሚገባው ቋንቋ፣ በኦሮምኛም ሆነ በአማርኛ፣ እዚያው ይነገረው፤ ግፊቱ ከፍ ያለውም ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ። ሴቶቹን ሴት ተማሪዎች ይለኩ። ሜትሩ የልብስ ሰፊ ሜትር ቢሆን ይበቃል፤ በታችኛው የጎን አጥንትና በዳሌው አጥንት መካከል ይዙር፤ በጋቢ ላይ የተለካ ወገብ ግን ከመዝገቡ አይግባ።