የዋና ልብሱ ሲታዘዝ የሸርቆሌዋ ልጅም ትለካ

የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም ተመርቋል። እስከ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዘው ንጋት ሐይቅም ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ውስጥ ነው። ይህን ያህል ውሃ ያለው ክልል ዛሬ ባይሆን ነገ የዋና ቡድን ማቋቋሙ አይቀርም። ቡድን ሲቋቋም ደግሞ ከአሠልጣኙም ከገንዳውም ቀድሞ ምን እንደሚታሰብ ይታወቃል። ማሊያው ተሰፍቶ፣ ቱታው ታድሎ፣ ፎቶ ከተነሡ በኋላ ነው ሥራ የሚጀመረው።

በዋና ግን ልብሱ ጌጥ አይደለም። ማን ውሃ ውስጥ ገብቶ ማን ዳር እንደሚቀር የሚወስነው እሱ ነው።

ሸርቆሌ ጥሩ ማሳያ ናት። ከአሶሳ በስተሰሜን፣ ከሱዳን ጋር የምትዋሰን ወረዳ ናት። የአካባቢው የበርታ ሕዝብ በአብዛኛው ሙስሊም ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የተከፈተው የስደተኞች ጣቢያም ከሱዳን የሸሹ ቤተሰቦችን አስጠልሏል። እዚህ አንዲትን የ13 ዓመት ልጅ ጭኗንና ክንዷን አጋልጠሽ በሰው ፊት ቁሚ ቢሏት፣ እሷ አፏን ሳትከፍት እናቷ ትመልሳለች።

የመንግሥት ግዥ እንዴት እንደሚሄድ ቢሮ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፣ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ያሸንፋል፣ ሰኔ ሳያልቅ ዕቃው መጋዘን ይገባል፤ አለዚያ በጀቱ ተመላሽ ነው። በዚህ ጥድፊያ የሚጻፈው ትእዛዝ «የሴት 20፣ የወንድ 20፤ ስሞል፣ ሚዲየም፣ ላርጅ» ቢሆን አያስገርምም። ሜትር ይዞ ልጆቹን የሚለካ የለም። ሃያው የሴት ልብስም ክንድ የሌለው፣ እግሩ ያጠረ ይሆናል። የሸርቆሌዋ ልጅ ትቀራለች። ሪፖርቱ ላይ ግን «በሴቶች በኩል የፍላጎት ማነስ» ተብሎ ይሰፍራል። ይቺን ሐረግ በስንት የስፖርት ሪፖርት ላይ አንብበናታል!

ወይም ትመጣለች፤ ግን በቀሚሷ። ይሄ ከመቅረቷም የከፋ ነው። ጥጥ ውሃ ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ እግር ላይ ይጠመጠማል። በዓለም በየዓመቱ 300 ሺህ ገደማ ሰው ውሃ ውስጥ ሰምጦ እንደሚሞት የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል። ከአሥሩ ዘጠኙ የሚሞቱት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው።

ረጅም የዋና ልብስ ከሰማይ የሚወርድ ነገር አይደለም። አውስትራሊያዊቷ አሂዳ ዛኔቲ ቡርኪኒን እ.ኤ.አ. በ2004 የሠራችው፣ የእህቷ ልጅ በሂጃብና በተደራረበ ልብስ ኔትቦል ስትጫወት ስትቸገር አይታ ነው። ጨርቁ ያው ፖሊስተርና የሚለጠጥ ስፓንዴክስ ነው፤ ውሃ አይዝም።

«ሕጉ አይፈቅድም» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ የዓለም ፌዴሬሽኑ ከ2010 ወዲህ የሴቶች የውድድር ልብስ ከትከሻ እስከ ጉልበት እንዲሆን ወስኗል። ግን ምክንያቱ ጨዋነት አልነበረም፤ ፍጥነት ነው። በ2009 ሮም ላይ ዋናተኞች መላ አካልን የሚሸፍን፣ ፖሊዩሬቴን ያለበት ልብስ ለብሰው 43 የዓለም ክብረ ወሰን ስለሰበሩ ነው። ለወረዳና ለክልል ውድድር የራስን ደንብ መጻፍ ይቻላል። እንግሊዞች ለአማተር ውድድሮቻቸው ፈቅደዋል።

ኢትዮጵያ ስለ ዋና ጮክ ብላ ያወራችው በ2016 ሪዮ ላይ ነበር። ሮቤል ኪሮስ 100 ሜትሩን በ1:04.95 ጨርሶ ከ59 ተወዳዳሪ 59ኛ ሆነ። ዓለም በሰውነቱ ሳቀ። እዚህ ቤት የተነሣው ጥያቄ ሌላ ነበር፦ አባቱ የፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆነው ልጁ እንዴት ተመረጠ? ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን ሰው ከምርጫ የሚወጣው ዝርዝሩ አናት ላይ ብቻ አይደለም፤ በልብስ ማዘዣ ወረቀትም ይወጣል።

ወጪውስ? ብር ሐምሌ 2016 ዓ.ም በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ነገር ሁሉ ከብዷል። ስለዚህ ከዓርማው፣ ከስም ጽሑፉና ከቱታው ተቆርጦ ለእጅጌው ይዋል። በልክ ማሰፋት ከተቻለም ደረት፣ ወገብና ዳሌ ብቻ አይበቃም። ከትከሻ ወርዶ በእግር መሃል አልፎ ወደ ትከሻው የሚመለሰው ልኬት ካልተያዘ ልብሱ ወይ ይቆርጣል ወይ ውሃ ይሞላል። ለሹሩባ ሰፋ ያለ ቆብም ይታዘዝ፤ ለወፍራም ፀጉር የተሠራውን ቆብ በ2021 የከለከለው የዓለም ፌዴሬሽን ራሱ በ2022 ፈቅዶታል።

ሁሉም ሴት ረጅሙን ትልበስ ማለት አይደለም። አሶሳ ከተማ አጭሩን የምትመርጥ ልጅ አጭሩን ትውሰድ። ማዘዣው ላይ ሁለቱም ይኑሩ፤ ልጆቹም ምርጫቸውን ከፕሮፎርማው በፊት ይጠየቁ። ሸርቆሌ ሄዳ ሜትር የምትይዘው ደግሞ ሴት ትሁን፤ በርታኛ የምትችል፣ ከልጅቷ በፊት እናቷን የምታነጋግር። ጉዞውም በሰኔ ሳይሆን በጥቅምት ይሁን።