ዋናው ቁልፍ በሁሉም እጅ

ለየፕሮግራሙ ፈቃድ ለይተን እንስጥ ሲባል «እኛ እኮ ቤተሰብ ነን፤ አንተማመንም እንዴ?» የሚል የሶፍትዌር አለቃ አንጀቴን ያሳርረዋል። ጌታዬ፣ ስለ መተማመን ማን ጠየቀዎት?

ነገሩ ሜሴጅ ብሮከር ስለሚባለው አቀባባይ ነው፤ ትእዛዝ ተቀባዩ ፕሮግራም ለክፍያው፣ ክፍያው ለማሳወቂያው መልእክት የሚያስተላልፍበት። የማይክሮሶፍቱን አዙር ሰርቪስ ባስን ውሰዱ። የመልእክት ወረፋዎች የሚቀመጡበትን ኔምስፔስ በከፈታችሁ ቅጽበት «ሩት ማኔጅ ሼርድ አክሰስ ኪይ» የሚባል ፖሊሲ አብሮ ይፈጠራል። መላክ፣ መቀበል፣ ማስተዳደር፣ ሁሉም ተፈቅዶለታል፤ ማስተዳደር ሲባል ወረፋን ከነመልእክቱ መሰረዝም ይገኝበታል። ማይክሮሶፍት ራሱ እንደ ዋና አስተዳዳሪ መለያ ቁጠሩት፣ መተግበሪያ ውስጥ አታስገቡት ብሎ ጽፏል። የኛ ሰው ግን ቀድቶ የሚለጥፈው እሱኑ ነው። ቁልፉን የያዘው ረጅም ኮኔክሽን ስትሪንግ በአንድ ቢሮ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ፒን ተደርጎ አይቻለሁ፤ ሥራ የለቀቁት ልጆችም ከግሩፑ አልወጡም። ቁልፉ ደግሞ ካልቀየሩት በራሱ ጊዜው አያልፍም።

«ለጊዜው ነው» ይላሉ። ለጊዜው ተብሎ የተሠራ ነገር ሲነሳ ያየ ሰው ካለ ይንገረኝ!

ሌላውን አቀባባይ፣ ራቢት ኤምኪውን፣ የሚጠቀሙትም አይሻሉም። ማዋቀር፣ መጻፍና ማንበብ ለየብቻ የሚወሰንባቸው ሦስት ሳጥኖች አሉ። የማስተዳደሪያው ገጽ ሦስቱንም ነጥብና ኮከብ ሞልቶ ያቀርባል፤ ሁሉም ተፈቅዷል ማለት ነው። የሚያዋቅረው ልጅም ሳያነብ ተጭኖ ያልፋል። እዚህ ላይ የጥፋቱ ግማሽ የሠሪዎቹ ነው።

ወደ ቤተሰቡ ልመለስ። አንድ ቀን የክፍያ መልእክቶች ድራሻቸው ይጠፋል። ማን ሰረዘ? መዝገቡ ሲከፈት በመለያው ቦታ የተጻፈው የፖሊሲው ስም ነው፤ ያንን ስም ደግሞ ሁሉም ፕሮግራም ለብሶታል። ያኔ ጣት የሚቀሰረው በአለቃው ላይ እንዳይመስላችሁ። የሚጠረጠረው በቅርቡ የተቀጠረው ጀማሪ ነው። «የኔ ፕሮግራም መላክ እንጂ መሰረዝ አይችልም» ብሎ አፉን ሞልቶ እንዳይናገር ማስረጃውን «ቤተሰብ ነን» እያላችሁ ነጥቃችሁታል። ጠባብ ፈቃድ ለንጹሕ ሰው ጠበቃው ነበር።

ሥራው ከባድ ቢሆን ይሁን ባልኩ። በአዙር «ዳታ ሴንደር» እና «ዳታ ሪሲቨር» የተባሉ ሚናዎች ተዘጋጅተው ተቀምጠዋል፤ ለአንድ ወረፋ ብቻ መስጠት ይቻላል። ፖሊሲው ሁለት ቁልፍ የተሰጠውም አንዱ ሲቀየር ሥራው በሌላው እንዲቀጥል ነው። ለእያንዳንዱ ፕሮግራም የሚያስፈልገውን ብቻ ስጡ የሚለውን መርህ የኮምፒውተር ተመራማሪዎቹ ሳልትዘርና ሽሮደር የጻፉት እንደ ፈረንጆቹ በ1975 ነው። ግማሽ ምዕተ ዓመት አልበቃንም?

የቡድን መሪዎች፣ ነገ ቢሮ ስትገቡ ዋናውን ቁልፍ የያዘው የትኛው ፕሮግራም እንደሆነ ጠይቁ። የሚመልስ ካጣችሁ ለእያንዳንዱ የራሱን ፈቃድ አውጡለትና ሥራ በቀዘቀዘበት ሌሊት ሁለቱንም ቁልፎች ቀይሩ። ተደብቆ የቀረው ራሱ ይጮኻል።