ሦስተኛው መጽሐፍና የአንባቢ ቁጣ

ባለፈው ሳምንት በሥነ ጽሑፍ ክበባችን ስብሰባ ላይ የተነሣውን ሙግት የተገኘ ሁሉ ሰምቷል፤ ያልተገኘም ከምግብ አዳራሽ ወሬ አላጣውም። ነገሩ የተጀመረው በዣንቶዣራ ነው። ይስማዕከ ወርቁ በ2001 ዓ.ም. ዴርቶጋዳን አሳትሞ፣ ራማቶሓራንና ዣንቶዣራን ሲያስከትል ስንቱ አንባቢ ተራ ይዞ እንደጠበቀ የምናውቅ እናውቃለን። ጣናና ገዳማቱ፣ ሰላዮቹ፣ የሳይንቲስቶቹ ምስጢር፤ በአማርኛ እንዲህ ያለ ነገር ብዙም አልለመድንም ነበርና መጽሐፉ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሽፋኑ እስኪገነጠል ተነበበ።

በስብሰባው ላይ አንዲት የቢቸና ልጅ ተነሣችና፣ «እኔ በበኩሌ ተናድጃለሁ» አለች። «የመጀመሪያውን እንቅልፍ አጥቼ ነው የጨረስኩት። ሦስተኛውን ስዘጋው ግን ያበደርኩትን ገንዘብ የተካድኩ ያህል ሆነብኝ።» ከአጠገቧ የተቀመጠው የሞጣ ልጅ ቀበል አድርጎ፣ «እንደ ሰባራ ድልድይ ነው እኮ! ወዲህ ማዶው አለ፣ ወዲያ ማዶው አለ፣ መሐሉ የለም» ሲል አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። (ለማያውቅ፦ ሰባራ ድልድይ ከሞጣ በኩል ወደ በጌምድር የሚያሻግር፣ በዓባይ ላይ የተሠራ የጥንት ድልድይ ነው። በጣልያን ወረራ ዘመን መካከሉ ከተሰበረ ወዲህ ሰው ለብዙ ዓመት በገመድ እየተጎተተ ተሻግሮበታል።)

ሳቁ ሳይበርድ አንድ አሠልጣኝ ተነሡ። የተናገሩት አጭር ነበር። ይህ ስሜት እንጂ ሂስ አይደለም፤ ሂስ ማለት ጭብጡን፣ ሴራውን፣ መቼቱን፣ የገጸ ባሕርያቱን አሳሳል መተንተን ነው፤ ደግሞስ ተረት ተረት ለሆነ መጽሐፍ ይህን ያህል መቆጣት ከመምህር አይጠበቅም አሉ። ልጅቱ ተቀመጠች። እስከ ስብሰባው መጨረሻም አንድ ቃል አልወጣትም።

እኔም አሠልጣኝ ነኝ፤ የሥራ ባልደረባዬን በግድግዳ ጋዜጣ ላይ ለመውቀስ ብዕር አላነሣሁም። ነገር ግን ልጅቱ ዝም ማለቷ ከነከነኝ። ለመሆኑ ሂስ ከየት ይጀምራል? ሰው ካልተቆጣ፣ ካልተደሰተ፣ ካላለቀሰ ምኑን ይተነትነዋል? «ያበደርኩትን ተካድኩ» ያለችው እኮ ትልቅ ነገር ነው። የመጀመሪያው መጽሐፍ ከአንባቢ ይበደራል፤ ምስጢር ይሰቅላል፣ ቆይ ትደርስበታለህ ይላል። ሦስተኛው የመክፈያው ቀን ነው። በተለይ ምናባዊ ልቦለድ ሲሆን አንባቢ ብዙ ይታገሣል። ሐይቅ ሥር ከተማ አለ ቢሉት እሺ ይላል። እሺ የማይለው ደራሲው ራሱ የደነገገውን ሕግ ራሱ ሲያፈርስ፣ ወይም ሦስት መጽሐፍ ሙሉ የተሸከመውን ምስጢር በሁለት ገጽ ሲያራግፈው ነው። ልጅቱን «የትኛው ዕዳ ነው ያልተከፈለሽ?» ብለን ብንጠይቃት ኖሮ ሴራውም ጭብጡም እዚያው ይወጣ ነበር።

የእኛ አገር አንባቢ በመጨረሻ ገጽ መቆጣት ዛሬ አልጀመረም። ዲማ ጊዮርጊስ ከቢቸና ብዙ አይርቅም። ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው ከተማሩባቸው የቤተ ክህነት ትምህርት ቤቶች አንዱ ነው፤ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት ፍቅር እስከ መቃብር ውስጥም አለ። መጽሐፉ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ፣ ያልተማሩት እናቶቻችን ሳይቀሩ እንደ ጎረቤት ወሬ ተከታትለውታል። አክስቴ በዛብህ የሞተ ዕለት እንጀራ መጋገሩን ትታ ተነሣች፤ «ምን ነበረበት ቢያገናኛቸው? ብዕሩ በእጁ አይደለም እንዴ!» ብላ ደራሲውን ተቆጣች። ሰብለ ወንጌልና ጉዱ ካሣም ተከትለው ሲቀበሩ ሬዲዮውን ዘጋችው። በሳምንቱ ግን ለጎረቤቶቿ ታሪኩን ከመጀመሪያው ጀምራ ስትተርክ አገኘኋት። ታዲያ ይህች ሴት ስሜት እንጂ ሂስ የላትም ልንል ነው? እሷ የጠየቀችው ጥያቄ፣ ማለት ሞቱ የግድ ነበር ወይ የሚለው፣ እኛ በፈተና ወረቀት ላይ ዘወትር የምንጠይቀው ነው።

በውጭው ዓለምም ቢሆን ያው ነው። እንግሊዛዊው ቶልኪን የቀለበቶች ጌታን የጻፈው እንደ አንድ ረጅም መጽሐፍ ነበር። በሦስት የከፈለው የወረቀት ዋጋ የከበደው አሳታሚ ነው። ሁለቱ ክፍሎች በ1954 እ.ኤ.አ. ሲወጡ፣ ሁለተኛው ያበቃው ዋናው ሰው ፍሮዶ በጠላት እጅ ወድቆ ሳለ ነው። አንባቢ አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ልቡ እንደተንጠለጠለ ቆየ። ሦስተኛው፣ የንጉሡ መመለስ፣ በጥቅምት 1955 እ.ኤ.አ. ወጣ። ቶልኪን ግን ርእሱን አልወደደውም፤ ፍጻሜውን ከሽፋኑ ላይ ያወራብኛል ብሎ ነበር። (የመጽሐፍ መጨረሻ ሳይጠየቁ የሚያወሩ የማደሪያ ጓደኞቻችን ይህን ልብ ይበሉልን።)

ከዚያ ሙግቱ ተነሣ። ኦደን የተባለው ታዋቂ ገጣሚ አወደሰው፤ አሜሪካዊው ሐያሲ ኤድመንድ ዊልሰን በ1956 እ.ኤ.አ. የልጆች እንቶ ፈንቶ አድርጎ አጣጣለው። ተራው አንባቢ ደግሞ እስከ ዛሬ የሚከራከርበት የራሱ ጉዳይ አለው፤ የክፋቱ ቀለበት ከተደመሰሰ በኋላ ስድስት ምዕራፎች ለምን ተከተሉ? የቸኮለ አንባቢ ይሰለቻል። እኔ ግን የምወደው እነዚያን ምዕራፎች ነው። ዘማቾቹ ድል አድርገው አገራቸው ሲገቡ መንደራቸው ተበላሽቶ፣ ዛፉ ተቆርጦ፣ ሌላ አለቃ ተሹሞበት ያገኙታል። ፍሮዶም ቁስሉ አልሽር ብሎት፣ ያዳነውን አገር ትቶ በመርከብ ይሄዳል። ከዘመቻ የተመለሰ አባት ወይም አጎት ያለው ሰው ይህን ተረት ተረት ነው ብሎ ለማለፍ ይቸግረዋል። ቶልኪን ራሱ በሁለተኛው እትም መቅድም ላይ የመጽሐፉን ጉድለቶች አልካደም፤ ከአንባቢዎች ወቀሳ አንዱን ሲቀበል ግን ማጠሩን ነው የተቀበለው! ከሺህ ገጽ በላይ ነው እንግዲህ።

እርግጥ ነው፣ ቁጣ ሁሉ ቁም ነገር አይደለም። በዚያው ስብሰባ ላይ ዣንቶዣራን አምርረው ከነቀፉት መካከል ሁለቱ ከስብሰባው በኋላ ስጠይቃቸው ራማቶሓራን እንኳ አልጨረሱም ነበር። ሌላው ሲነቅፍ ሰምተው ነው የነቀፉት። ይህ የአንባቢ ቁጣ ሳይሆን የገበያ ወሬ ነው። የቢቸናዋ ልጅ ግን ሦስቱንም ጨርሳለች፤ በቁጣዋ ባልስማማም (ለእኔ ሦስተኛው ከመጀመሪያው ቢያንስም የሚካድ ዕዳ ያህል አይደለም) ያነበበ ሰው ቁጣ መሆኑን አምናለሁ።

አሁን የሚያሳስበኝ የሚመጣው ዓመት ነው። ይህች ልጅ ተመርቃ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ትመደባለች። አንድ የአራተኛ ክፍል ልጅ የምንባቡን መጨረሻ አንብቦ፣ «እትዬ፣ ይሄ ልክ አይደለም! ጅቡ ለምን አሸነፈ?» ይላታል። ያን ጊዜ ምን ትመልስለት ይሆን? እኛ የመለስንላትን ነው የምትመልሰው። «ተቀመጥ፤ ጭብጡ ምንድን ነው?» ትለዋለች፤ እሱም ይቀመጣል።

ስለዚህ ለክበቡ ኮሚቴ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ከዚህ ጋዜጣ ጎን አንድ ባዶ ወረቀት ይለጠፍ። ሦስቱንም መጽሐፍ የጨረሰ ሁሉ የተናደደበትን ወይም የወደደውን ገጽ ቁጥር ጠቅሶ በሁለት መስመር ይጻፍበት። እኛ አሠልጣኞች የምንናገረው ወረቀቱ ከሞላ በኋላ ይሁን።

የክበቡ ዣንቶዣራ በአሁኑ ሰዓት የሞጣው ልጅ ዘንድ ነው። ሰባራ ድልድይ ያለውን መሐሉን እንደገና አነበዋለሁ ብሎ ወስዶታል። ከእሱ ቀጥሎ አራት ሰዎች ተመዝግበዋል፤ አምስተኛው ያ አሠልጣኝ ናቸው።