«ታክሜያለሁ» ብላችሁ አትዘናጉ

እህቶቼ፣ እኩዮቼ፣ ይህን የምጽፍላችሁ የጓደኛዬ አርባ በወጣ ማግሥት ነው።

እሷና እኔ የማህፀን በር ምርመራ ያደረግነው በአንድ ቀን፣ ተያይዘን ሄደን ነው። ነርሷ የማህፀን በራችንን ኮምጣጤ በመሰለ አሲድ ቀባችው፤ የሁለታችንም ላይ ነጭ ነገር ታየ። «ካንሰር አይደለም፤ ዝም ከተባለ ግን ወደ ካንሰር ሊሄድ ይችላል» አለችን። በዚያው ቀን በሚያቀዘቅዝ መሣሪያ አከመችን፦ ሦስት ደቂቃ አቀዘቀዘች፣ አምስት ደቂቃ አሳረፈች፣ እንደገና ሦስት ደቂቃ። ለአንድ ወር ያህል ውኃ የመሰለ ፈሳሽ ሲወርደን ቆየና ደረቀ። ስንወጣ ለእያንዳንዳችን ካርድ ሰጥታን ነበር፤ የዓመቱ ቀጠሮ በእስክሪብቶ ተጽፎበታል።

እኔ በዓመቱ ተመለስኩ። ነጩ ነገር እንደገና ታየብኝ። ገና ትንሽ ሳለ በኤሌክትሪክ በሚግል ቀጭን ሽቦ ቆርጠው አወጡልኝ፤ ሊፕ ይሉታል። እሷ ግን «ታክሜያለሁ፤ ምን ልሁን ብዬ እመለሳለሁ?» አለችኝ። እኔም አልጨቀጨቅኳትም። ዛሬ ብዕር ያስነሣኝ ያ ዝምታዬ ነው። በሐዘኑ ሰሞን ልጇ ሳጥኗን ስትከፍት ካርዱ ከነጠላዋ እጥፋት ውስጥ ወጣ። ቀጠሮው ካለፈ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል።

ነገሩን በቀጥታ ልንገራችሁ። ሕክምናው የሚያነሣው ነጭ ሆኖ የታየውን ቁስል ነው። ቁስሉን ያመጣው ኤች.ፒ.ቪ የሚባለው ቫይረስ ነው፤ በብዙዎቻችን ሰውነት ከሕክምናው በኋላ ይጠፋል፣ በአንዳንዶቻችን ግን ተደብቆ ይቀራል። ሰርዶ ነቅሎ የሚያውቅ ይረዳኛል፦ ማሳው ጠራ ሲባል አንዲት ቁራጭ ሥር አፈር ውስጥ ከቀረች፣ ክረምት ሲመጣ መልሳ ትዘረጋለች።

ከታከሙ 100 ሴቶች ከ5 እስከ 15 በሚሆኑት ላይ ቁስሉ ይመለሳል፤ የሚበዛውም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ነው። ኤች.አይ.ቪ በደማቸው ያለ እህቶቻችን ላይ ደግሞ የመመለስ ዕድሉ ከዚህ ይበልጣል። ሁለት ዓመት አለፈኝ ብላችሁም አትዘናጉ። በስዊድን ከ100 ሺህ የሚበልጡ የታከሙ ሴቶች ለአስርት ዓመታት ተጠንተው፣ በ2014 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣው ውጤት ካንሰር የመያዝ አደጋቸው ከ60 ዓመት በኋላ ከፍ እንደሚል አሳይቷል። ስለዚህ ማረጥ መዳን አይደለም። እንዲያውም ካረጥን በኋላ ቁስሉ የሚነሣበት ቦታ ወደ ውስጥ ስለሚገባ በአሲዱ ምርመራ ላይታይ ይችላል። በእኛ ዕድሜ «የኤች.ፒ.ቪ ምርመራ አለ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ተቆርጦ የወጣላችሁ ካላችሁ ደግሞ «ጠርዙ ንጹሕ ነበር ወይ?» በሉ። ጠርዙ ላይ ቁስል ከቀረ የመመለስ ዕድሉ ይጨምራል። ከታከማችሁ በዓመቱ ተመለሱ፤ ንጹሕ ናችሁ ብትባሉም ቀጣዩን ቀጠሮ ሳትይዙ አትውጡ። ካረጣችሁ በኋላ የሚታይ ደም፣ ከግንኙነት በኋላ የሚመጣ ደም፣ ሽታው የተለወጠ ፈሳሽ ካያችሁ በዚያው ሳምንት ሂዱ። ግን ምልክት እስኪመጣ አትጠብቁ፤ ሕመሙ ራሱ ሲናገር አብዛኛውን ጊዜ ረፍዷል።

በእድርና በማኅበር ስንቀመጥ ስለ ጉልበታችንና ስለ ደም ግፊታችን ስናወራ እንውላለን። ይህን ግን አፍረን እንሸሽገዋለን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል የሰማነው ከእናቶቻችን ነው፤ አሁን ለእኩዮቻችን የምንለው እኛ ነን። አንዳችን ሌላችንን እንጨቅጭቅ። «ቀጠሮሽ መቼ ነው?» ማለት ነውር አይደለም፤ እኔ ሳልለው ቀርቼ ነው ጓደኛዬን ያጣሁት።

ዛሬ ማታ ሳጥናችሁን ክፈቱና ካርዱን ፈልጉ። ቀኑ አልፎም ቢሆን ይዛችሁት ሂዱ፤ ያለፈ ቀጠሮ ከሐኪም ፊት አያስመልስም። ካርዱ ቢጠፋም «ታክሜ ነበር፣ ሳልመለስ ቀረሁ» ማለት ይበቃል። ብቻችሁን መሄድ ከከበዳችሁ ጥሩኝ፤ አብሬያችሁ እሄዳለሁ።