«ፖዘቲቭ ነህ» ብሎ መሸኘት በቂ አይደለም

መስቀል ላይ ቡታጅራ ነበርኩ። ክትፎው በጣባ ቀረበ፣ ሁላችንም ዙሪያውን ተቀመጥን። የአክስቴ ልጅ ግን ለብቻው በሰሃን ተሰጠው። «ምነው?» ስል አክስቴ ድምጿን ቀንሳ «ጉበት አለበት አሉኝ እኮ» አለችኝ።

ልጁ ዐረብ አገር ለመሄድ ሜዲካል ሲያደርግ ነው ሄፓታይተስ ቢ የተገኘበት። ጉዞው ተሰረዘ። «ፖዘቲቭ ነህ» ተባለ፣ ወረቀቱን ይዞ ወጣ፣ በቃ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሐኪም አላየውም። እሱም «ምንም አያመኝም» ይላል።

መጀመሪያ የሰሃኑን ነገር እንጨርስ። ቫይረሱ በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ፣ በጋራ ምላጭ ይተላለፋል። አብሮ በመብላት አይተላለፍም።

አስፈሪው ነገር «አያመኝም» የሚለው ነው። ጉበት እየተጎዳ ለዓመታት ዝም ይላል። ጉዳቱን በዋናነት የሚያደርሰው ቫይረሱ ራሱ ሳይሆን፣ ቫይረሱ የገባባቸውን ሴሎች የሚያጠቃው የሰውነታችን መከላከያ ነው። በተጎዳው ቦታ ጠባሳ ይሠራል። አንዴ ቢሆን ጉበት ራሱን ይጠግናል፤ ለዓመታት ሲደጋገም ግን ጠባሳው እየተያያዘ ይሄዳል። ሐኪሞች ደረጃውን ከኤፍ 0 እስከ ኤፍ 4 ይቆጥሩታል። ኤፍ 4 ሲሮሲስ ነው፦ ጉበቱ ይጠጥራል፣ ደም እንደ ልብ አያልፍበትም፣ ሆድ ውሃ ይቋጥራል፣ ደም ማስመለስ ሊመጣ ይችላል። ለካንሰርም በር ይከፍታል። አልኮል ደግሞ ያፋጥነዋል። ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ይሆናል፣ እኔ የማየው እንደ ብድር ነው፤ ወለዱ በየቀኑ ይታሰባል፣ ማስጠንቀቂያ ግን አይላክም።

ስለዚህ «ፖዘቲቭ» ከተባለ በኋላ ሁለተኛ ጥያቄ መጠየቅ አለበት፦ ጠባሳው የት ደርሷል?

«እሱን የሚለካው ፋይብሮስካን አዲስ አበባ ነው» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ነው፣ ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የሄፓታይተስ ቢ ሕክምና ፕሮግራም አለው። ከቡታጅራ ግን 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከወልቂጤ ደግሞ ይብሳል። ሆኖም ለመጀመሪያ ግምት ማሽኑ የግድ አይደለም። ኤፕሪ የሚባል ስሌት አለ፤ የሚፈልገው ሁለት የተለመዱ የደም ምርመራዎችን ነው፦ ኤኤስቲ እና ፕላትሌት።

ከበዓሉ በኋላ የአክስቴን ልጅ ይዤው ሄድኩ። ኤኤስቲ 48፣ የላቦራቶሪው ከፍተኛ ገደብ 40፣ ፕላትሌት 160 ሺህ። በስልኬ ካልኩሌተር መታሁት፦ 48 ለ40 ሲካፈል 1.2፤ ለ160 ሲካፈል፣ በ100 ሲባዛ 0.75። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መመሪያ ከ0.5 በላይ የሆነ አዋቂ ሕክምና እንዲታሰብለት ይመክራል። ቁጥሩን ሳሳየው ዝም አለ። ስሌቱ ግምት ነው፣ ውሳኔው የሐኪም ነው፤ አሁን ግን ቢያንስ ሐኪም ጋ ነው።

ደግሞ ተስፋ አለው። በየቀኑ የሚዋጠው ቴኖፎቪር ቫይረሱን ያፍናል፤ በኤችአይቪ ሕክምና ስለሚሰጥ ለአገራችን አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 ላንሴት ላይ በወጣ ጥናት፣ ሲሮሲስ ከነበረባቸው 96 ሰዎች 71ዱ ከአምስት ዓመት ሕክምና በኋላ ጠባሳቸው ቀንሶ ከሲሮሲስ ደረጃ ወጥተዋል። ሄፓታይተስ ሲ ከሆነ ደግሞ አብዛኛው ሰው በ12 ሳምንት ገደማ ይድናል።

በእኛ ዕድሜ ላለን ይሄ የሩቅ ወሬ አይደለም። ክትባቱ ለአገራችን ሕፃናት በመደበኛነት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው፤ ከዚያ በፊት የተወለድን አብዛኞቻችን አምልጦናል።

የምጠይቀው ቀላል ነው። ወልቂጤም ሆነ ቡታጅራ «ፖዘቲቭ» የሚል ወረቀት የሚሰጥ ሁሉ፣ ሁለቱን ምርመራዎች አብሮ ይዘዝ፣ ስሌቱንም ወረቀቱ ላይ ይጻፍ። እናንተም የድሮ ውጤታችሁ ፎቶ ጋለሪ ውስጥ ካለ ዛሬ ክፈቱት። «ጠባሳው የት ደርሷል?» ብላችሁ ጠይቁ።

አክስቴንም ነግሬያታለሁ። የሚቀጥለው መስቀል ልጇ ከጣባው ይበላል።