የሃንሽ ቁጥርና የእኛ አፈር

የጤፍና የስንዴ ገበሬ ቱፎርዲን ለማወቅ ኬሚስትሪ መማር አላስፈለገውም። ሰፋፊ ቅጠል ያለውን አረም ያጠወልጋል፣ ሰብሉን ይምራል፤ ለእሱ ይህ ይበቃል። የዚህ ጸረ አረም የቅርብ ዘመዶች ግን በካሊፎርኒያ በሚገኝ አንድ ትንሽ ኮሌጅ ውስጥ ለዓመታት ተመርምረው፣ ዛሬ የኬሚካሎችን ጉዳት በኮምፒውተር ለሚገምተው ሳይንስ መነሻ ሆነዋል።

መርማሪው ኮርዊን ሃንሽ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1918 በሰሜን ዳኮታ ተወለዱ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በማንሃተን ፕሮጀክት ሠሩ፤ በ1946 ያንን ትንሽ ኮሌጅ፣ ፖሞናን፣ በመምህርነት ተቀላቀሉ። ፖሞና የዶክትሬት ተማሪ የለውም፤ የሚያስተምረው ለመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ነው። ሃንሽ በዚያው ኮሌጅ ስም አተረፉ፤ በ2011 በ92 ዓመታቸው አረፉ።

ጥያቄያቸው የመጣው ሮበርት ሙይር ከተባሉ የዕፅዋት ተመራማሪ ጋር ሲሠሩ ነው። የዕፅዋትን እድገት ከሚቆጣጠሩት ከቱፎርዲ ዘመዶች አንዱ ብርቱ፣ ሌላው ደካማ የሚሆነው ለምንድን ነው? የሞለኪውሉ የኤሌክትሮን አደረጃጀት ብቻውን መልስ አልሰጠም። የጎደለው ንጥረ ነገሩ ወደ ሕዋሱ ዘልቆ የመግባት አቅሙ ነበር፤ ይህ ደግሞ ስብን አብልጦ ይወዳል ወይስ ውሃን በሚለው ይወሰናል። ሐሳቡ ከባዶ አልተነሣም። በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ማየርና ኦቨርተን የማደንዘዣን ጉልበት በወይራ ዘይትና በውሃ መካከል ካለው ክፍፍል ጋር አያይዘውት ነበር። ሃንሽ በወይራ ዘይት ፈንታ ኦክታኖል የተባለውን አልኮል መረጡ። ኦክታኖልና ውሃ በአንድ ዕቃ ይጨመራል፣ ኬሚካሉ ይገባበታል፣ ይናጣል፤ ሲረጋ በየንብርብሩ የቀረው ይለካል። የሁለቱ መጠን ሲካፈል አንድ ቁጥር ይወጣል። ከኪዮቶ ከመጡት ከቶሺዮ ፉጂታ ጋር ይህንን ቁጥር ከኤሌክትሮኑ ስሌት ጋር አጣምረው ውጤቱን በ1962 በኔቸር መጽሔት አሳተሙ። አሜሪካዊቷ ጸሐፊ ራቸል ካርሰን ስለ ጸረ ነፍሳቱ ዲዲቲ የጻፉት መጽሐፍ የወጣውም በዚያው ዓመት ነው፤ ግጥምጥሞሽ ቢሆንም የሁለቱ መንገድ ኋላ ተገናኝቷል።

መድኃኒት ቀማሚዎች ቁጥሩን ፈጥነው ያዙት። የአካባቢ ኬሚስቶችም ተከተሉ፤ ስብ የሚወድ ኬሚካል ከዓሣ ወደ ዓሣ በል እየተከማቸ ይሄዳልና። ዲዲቲ በኦክታኖል ውስጥ ያለው መጠን በውሃ ውስጥ ካለው ከአንድ ሚሊዮን እጥፍ በላይ ነው። ለወባ መከላከያ ለአሥርት ዓመታት ቤት ለቤት የተረጨው ይህ ኬሚካል በሐዋሳ ሐይቅ ዓሣዎች፣ በጅማ አካባቢም በላም ወተትና በእናቶች ጡት ወተት ውስጥ ተለክቶ መገኘቱ ቁጥሩን ለሚያነብ ሰው እንግዳ አይደለም።

በአሜሪካ በ1976 የወጣው የኬሚካል መቆጣጠሪያ ሕግ አዲስ ኬሚካል ይዞ የሚመጣ ኩባንያ የመርዛማነት ምርመራ አስቀድሞ እንዲያቀርብ አያስገድድም። ስለዚህ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲው ኢኮሳር የተባለ ፕሮግራም ሠርቶ፣ በዓሣ ላይ የሚደርሰውን ጉዳት በዋናነት ከዚሁ ቁጥር ተነሥቶ ይገምታል። እንስሳ ሳይሞት፣ ገንዘብ ሳይፈስ መልስ ይገኛል።

ማማለሉም እዚህ ላይ ነው። ቁጥሩ ብቻውን ግን ሊያሳስት ይችላል፤ ቱፎርዲ ራሱ ጥሩ ማስረጃ ነው። አሲድ ሆኖ ሲለካ ስብ የሚወድ ይመስላል፤ በተለመደው የወንዝና የጉድጓድ ውሃ ግን ኤሌክትሪካዊ ሙል ይዞ ከውሃው ጋር ይጓዛል። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ዓሣው ስብ ውስጥ ሲፈልገው፣ እሱ ወደ ምንጩ ይወርዳል። ፒፋስ የሚባሉት ኬሚካሎችም ብዙዎቹ ከስብ ይልቅ ከደም ፕሮቲን ጋር ስለሚጣበቁ የሃንሽን ሚዛን ያታልላሉ።

ጉዳዩ እኛንም ይመለከታል። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 674/2002 (በእኛ አቆጣጠር) ጸረ ተባይ ሳይመዘገብ እንዳይሸጥ ደንግጋለች። ለምዝገባው እንዲያግዝም ከኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ጋር ፕራይመት የተባለ የኮምፒውተር መሣሪያ ለአገራችን ሁኔታ ተዘጋጅቷል፤ ኬሚካሉ በመጠጥ ውሃና በውሃ ውስጥ ፍጥረታት ላይ የሚያደርሰውን ስጋት ይገምታል። ይበል የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን መሣሪያው ኬሚካሉ አፈር ውስጥ ስንት ቀን እንደሚቆይና ከአፈሩ ጋር ምን ያህል እንደሚጣበቅ ካልተነገረው አያሰላም። የእነዚህ ቁጥሮች አብዛኛው ክፍል የሚለካው በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ አፈር ላይ ነው። የቢሾፍቱ ጥቁር መረሬና የጅማ ቀይ አፈር ሙቀታቸውም ጠባያቸውም ሌላ ነው።

ስለዚህ መዝጋቢው መሥሪያ ቤት ከአስመጪው የሚቀበላቸውን ቁጥሮች የት እንደተለኩ ጭምር ለሕዝብ ይግለጽ። በብዛት የሚረጩትን ጥቂት ኬሚካሎች ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎቻችን በየአካባቢያቸው አፈር ላይ ይለኩ። ዋናው የመመርመሪያ መሣሪያ ውድ መሆኑ እውነት ነው፤ ይሁንና አፈር መመዘን፣ ናሙና ማቆየትና ማውጣት የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የሚችለው ሥራ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ለጠፋባቸው የኬሚስትሪ ክፍሎች ከዚህ የቀረበ አላውቅም።