የብርጭቆው በረዶና የሻንጣው ክኒን

ዉድበሪ ላይ በረዶ ከደጅ በአካፋ የሚጠረግበት ወራት ሲገባ፣ አያሌ ኢትዮጵያውያን ልጆቻቸውን ይዘው ለገናና ለጥምቀት ሀገር ቤት ይገባሉ። እዚህ ያደጉት ልጆች መንገድ ዳር የሚሸጥ በረዶ ያለበት ጁስ ሲያዩ አይጠረጥሩም። አንዳንድ ወላጅም «ቅዝቃዜው ጀርሙን ይገድለዋል» ብሎ ያምናል። ስሕተት ነው። ቅዝቃዜ ብዙውን ባክቴሪያ ያደነዝዘዋል እንጂ አይገድለውም፤ በረዶው ሲሟሟ ይነቃል። ታይፎይድም ኮሌራም የሚገቡት በዚሁ በር ነው። ጥፋቱ የሻጯ ብቻ አይደለም፤ ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ብርጭቆ በምን ይታጠባል?

የባሰው የሚመጣው ከሕመሙ በኋላ ነው። ልጁን ትኩሳት ሲይዘው ዘመድ ሁሉ «ታይፎይድ ነው» ይላል። እ.ኤ.አ. በ1896 የተጀመረው የዊዳል የደም ምርመራም ብዙ ጊዜ «አለበት» ይላል፤ ነገር ግን በቀድሞ ሕመም ወይም በሌላ ጀርም ሊሳሳት ይችላል። ጀርሙን ለይቶ የሚያሳየው የደም ካልቸር ነው። ያም ሳይደረግ ሲፕሮ ያለ ማዘዣ ይገዛል፤ ትኩሳቱ ሲበርድ ይቋረጣል፤ የተረፈው ክኒን ለሌላ ቀን ሻንጣ ውስጥ ይገባል። በዚህ መሐል ደካማው ጀርም ይሞታል፤ ብርቱው ተርፎ ይራባል። ፔኒሲሊንን ያገኘው ፍሌሚንግ በ1945 ያስጠነቀቀው ይህንኑ ነበር። ከ2016 ጀምሮ በፓኪስታን በተስፋፋው ታይፎይድ ላይ ከሚዋጡት መድኃኒቶች የቀረው አዚትሮማይሲን ነው።

በዚያው በ2016 አዲስ አበባን የመታውን ኮሌራ መንግሥት «አተት» እያለ በምልክቱ ብቻ ጠራው። ስሙ ያልተጠራ በሽታ በወጉ አይታከምም፤ ይህ ለመንግሥትም ለቤተሰብም እኩል ይሠራል።

ስለዚህ ተጓዦች ከመነሣታቸው ቢያንስ 2 ሳምንት ቀደም ብለው የታይፎይድ መርፌ ይወጉ። ለ2 ዓመት ያገለግላል፤ ዕድሜያቸው 2 ዓመት ለሞላ ልጆችም ይሰጣል። ሆኖም ሙሉ በሙሉ ስለማይከላከል ጥንቃቄው አይቀርም። አክስት ያቀረበችውን እምቢ ማለት ነውር ቢሆንም፣ «ያለ በረዶ ይሁንልኝ» ማለት ነውር የለበትም። የፈላ ሻይና ቡና፣ ወይም እፊታቸው የተከፈተ የታሸገ ውሃ ይጠጡ።

ከተመለሱ በኋላ ትኩሳት ከያዛቸው ወባም ሊሆን ይችላልና ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ከየት እንደመጡና የትኛውን ክኒን እንደዋጡ ሳይደብቁ ይንገሩ። የሻንጣውን ትርፍ ክኒን ግን ለጎረቤት አያካፍሉ።